ጠጥቶ በማሽከርከር ከተፈረደብኝ በኋላ መኪናዬ መድን ያገኛል? ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ በመድን ወኪልነት ስሠራ ይህን ጥያቄ በራሱ ስም የጠየቀኝ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው «አንድ ጓደኛዬ ነበር…» ብሎ ይጀምራል። ጓደኛውም ይሁን ራሱ መልሱ ያው ስለሆነ ማንነቱን ማጣራት ትቻለሁ። ከታች ያሉት ፒያሳ ቡና ላይ፣ አዘዞ ጋራዥ በር ላይ፣ አንዳንዴም ከለቅሶ ቤት ስንወጣ የተጠየቅኋቸው ናቸው።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ፍርዱ የተጻፈው በሰው ስም ነው፤ መድኑ የሚጻፈው ግን በመኪና ላይ ነው። ሰዉን ግራ የሚያጋባው አብዛኛው ነገር ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማየት የሚመጣ ነው።

ጠጥቼ በማሽከርከር ተፈርዶብኛል። ከእንግዲህ መድን መግባት እችላለሁ?

የትኛውን መድን? እኛ አገር «መድን አለኝ» ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንም ሰው ይህ መድን የሌለውን መኪና መንገድ ላይ መንዳትም ሆነ ማስነዳት አይችልም። ባጃጅም ይሁን አይሱዙ፣ ኮድ 2 የቤት መኪናም ይሁን ኮድ 3 የጭነት፣ ለውጥ የለውም። ያለ እሱ ዓመታዊ ቦሎ አይታደስም። የሚጠብቀውም እርስዎን አይደለም፤ እርስዎ የሚገጩትን ሰው ነው። ስለዚህ ፍርድ ያለበት ሰው መኪና ከማንም መኪና በላይ ያስፈልገዋል እንጂ አይከለከልም። እስካሁን ባለኝ ልምድ የቀድሞ ፍርድ ኖሮበት የሦስተኛ ወገን መድን ሳይሸጥለት የተመለሰ ሰው አላየሁም።

ሁለተኛው ሙሉ ሽፋን የምንለው ነው። የራስዎን መኪና ግጭት፣ ግልበጣ፣ ቃጠሎና ስርቆት የሚይዘው እሱ ነው። ይህ በፈቃደኝነት የሚደረግ ንግድ ስለሆነ ድርጅቱ አልፈልግም ሊል ይችላል። አረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፍሉትን ዋጋ፣ ሊጨምር ይችላል። «ከአደጋው የመጀመሪያውን ይህን ያህል ራስህ ትችላለህ» የሚለውን የራስ ድርሻም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ፍርድ ያለበት ሰው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ካልነገርኳቸው በምን ያውቃሉ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው፤ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ።

እውነቱን ልንገርዎ። ፎርም በሚሞሉበት ቀን ብዙ ጊዜ አያውቁም። ወኪሉም መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳክሮ፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። የእርስዎን ታሪክ ፍርድ ቤት ሄዶ አይመረምርም።

የሚመረምሩት አደጋ የደረሰ ቀን ነው። ያኔ የትራፊክ ፖሊስ ፕላን ይቀርባል፣ የመንጃ ፈቃድ ፋይል ይጠየቃል፣ ክሱና ውሳኔው ይወጣል። የካሳ ክፍሉ ሰው ሥራው መክፈል ብቻ አይምሰልዎ፤ የማይከፈለውን መለየትም ሥራው ነው። ዓመት ሙሉ አረቦን ከፍለው፣ መኪናዎ ሊማሊሞ ላይ ተገልብጦ፣ ያኔ «ይህን ለምን አልነገሩንም?» ሲባሉ የሚመልሱት ያጣሉ።

ሕጉም ቀላል አይደለም። የመድን ውልን የሚገዛው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ወጥቷልና እሱ ተሽሯል የሚሉ አሉ፤ የመድኑ ክፍል ግን አልተሻረም። በዚያ ሕግ መድን ገቢው ድርጅቱ ስጋቱን እንዲመዝን የሚረዳውን የሚያውቀውን ሁሉ መናገር አለበት። አውቆ ደብቆ ወይም ዋሽቶ ከሆነ በአንቀጽ 668 መሠረት ውሉ ዋጋ ያጣል። ልብ ይበሉ፤ የደበቁት ፍርድ ከአደጋው ጋር ባይገናኝም እንኳ ክርክሩ ይነሳል። ፍርዱ ስለ መጠጥ ሆኖ አደጋው ቆሞ በነበረ መኪና ላይ ቢደርስም።

ሳያውቁ ወይም ረስተው ከሆነ ሌላ ነው። ያኔ ውሉ አይፈርስም፤ ካሳው ግን በተከፈለው አረቦንና መከፈል በነበረበት አረቦን ልክ ተመጣጥኖ ሊቀነስ ይችላል። ለምሳሌ ብቻ ልበልና፣ 20,000 ብር ከፍለው ቢያውቁ ኖሮ 25,000 ያስከፍሉዎት ከነበረ ከካሳው አምስት እጅ አራቱን ያገኛሉ ማለት ነው። 500,000 ብር ለሚያስወጣ ጥገና 100,000 ብሩ ከኪስዎ ወጣ። ለመቆጠብ ያሰቡት 5,000 ብር ነበር።

ምክሬ አጭር ነው፤ ፎርሙ ላይ ጥያቄው ካለ ይመልሱ። «እርስዎ ወይም መኪናውን የሚነዳ ሌላ ሰው ከመንዳት ጋር በተያያዘ ተቀጥታችኋል?» የሚል ጥያቄ በአብዛኛው ቅጽ ላይ አለ። ወኪሉ «እሱን እለፈው፣ እኔ እሞላዋለሁ» ካለዎት ብዕሩን ይቀበሉት። በኋላ ፊርማው የእርስዎ ነው፤ ወኪሉ ኮሚሽኑን ወስዶ ሌላ ድርጅት ሄዷል። የሙያ ጓደኞቼ ይህን ስጽፍ ባይወዱትም፣ አይቻለሁ።

እኔ እኮ ፍርድ ቤት አልቀረብኩም። ትራፊክ ይዞኝ ቅጣት ከፍዬ ነው የሄድኩት። ይሄም ይቆጠራል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። በትራፊክ ደንብ መተላለፍ መቀጣትና በወንጀል ጥፋተኛ መባል አንድ አይደሉም። ማንም ሳይጎዳ ትንፋሽ ተለክቶ ከወሰን በላይ የተገኘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በገንዘብ ቅጣትና በመንጃ ፈቃዱ ላይ በሚመዘገብ የጥፋት ነጥብ ነው። ሰው ከተጎዳ ግን ዐቃቤ ሕግ ይገባል።

ስለዚህ የፎርሙን ቃል ያንብቡ። «የተፈረደብዎ» ካለ ደረሰኝ የተቆረጠበት ቅጣት ላይገባበት ይችላል። «የተከሰሱበት ወይም የተቀጡበት» ካለ ይገባል። ከተጠራጠሩ ከጎኑ አንድ መስመር ይጻፉ፤ «በዚህ ዓመት በዚህ ጥፋት ይህን ያህል ብር ተቀጥቻለሁ፤ የተጎዳ ሰው የለም።» እንዲህ ያለ መስመር ሲያይ የሚያከብርዎ የውል ክፍል ሠራተኛ አለ። ሁሉም ላይሆን ይችላል።

አረቦኑ በስንት ይጨምራል?

እንደ ድርጅቱ ነው። ለሁሉም የተደነገገ የ«ሰካራም ታሪፍ» የለም። የሚያዩት የመኪናውን ዓይነት፣ ዕድሜ፣ ዋጋና አገልግሎት፣ የነጂውን ልምድ፣ ከዚህ በፊት የጠየቁትን ካሳ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ጭማሪው ሳይሆን የሚቀረው ቅናሽ ነው። ዓመቱን ካሳ ሳይጠይቅ ለጨረሰ ሰው በእድሳት ጊዜ ቅናሽ ይደረጋል። ከፍርዱ ጋር በተያያዘው አደጋ ካሳ ተጠይቆ ከሆነ ቅናሹ ይሄዳል፤ ወደ ቦታው ለመመለስ ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ ከአንድ ቦታ ዋጋ ሰምተው ተስፋ አይቁረጡ። ከመንግሥታዊው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሌላ፣ በ1986 ዓ.ም. ዘርፉ ለግል ከተከፈተ ወዲህ የተቋቋሙት ብዙ ናቸው። ሦስት ቦታ ዞረው ዋጋ ያስጽፉ።

የሦስተኛ ወገን መድን አለኝ። ጠጥቼ ሰው ብገጭ ይከፍልልኛል?

ለተጎዳው ይከፍላል። *ለእርስዎ* ግን አይከፍልም። ቀስ ብለን እንየው፤ የአንድ ቤተሰብ ኑሮ እዚህ ላይ ሲፈርስ አይቻለሁና።

አዋጁ የተጎጂውን መብት ከእርስዎ ጥፋት ለይቶ አስቀምጦታል። እርስዎ ሰክረውም ቢሆን፣ የመድን ውሉን ጥሰውም ቢሆን፣ ቀበሌ 18 መንገድ ሲሻገር የተገጨው ልጅ ምንም አላጠፋም። ስለዚህ ድርጅቱ ለልጁ ወይም ለቤተሰቡ በሕጉ ወሰን ይከፍላል። ከዚያ ዞር ብሎ የከፈለውን ከእርስዎ ይጠይቃል። በሕግ ቋንቋ ገንዘቡን የማስመለስ መብት ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ዕዳ ነው። መድን ገብቼ ነበር ብለው የተማመኑበት ድርጅት በፍርድ ቤት ከሳሽ ሆኖ ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር ጣሪያው ነው። አዋጁ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ወይም አካል ጉዳት የሚከፈለው ከፍተኛው 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት 100,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ 2,000 ብር ነበር። ጣሪያው ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል፤ የዛሬውን ቁጥር በእጅዎ ካለው ውል ላይ ያንብቡት። ምንም ያህል ከፍ ቢል ግን ጣሪያ ጣሪያ ነው። ከእሱ በላይ ያለውን ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት ይመልሳል፤ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ። እጁ ጠፍቶበት ሥራ ያቆመ ሸማኔ የዕድሜ ልክ ገቢውን አስልቶ ቢከስስ በ40,000 ብር የሚያልቅ ነገር አልነበረም፤ ዛሬም አያልቅም።

ሦስተኛው፣ መቀጮንና እስራትን የሚሸፍን መድን የለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት በመጠጥ ራሱን ስቶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ነው። ሳይጠጣ በሙያ ግዴታው ቸል ብሎ ሰው የገደለ ሾፌር ግን በንዑስ አንቀጽ 2 ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው የሚጠብቀው። ጠርሙሱ በሁለቱ መካከል ያስቀመጠውን ልዩነት እዩት።

እና ሸሽቶ መሄድ አይረዳም። ገጭቶ ለጠፋ መኪና ተጎጂውን የሚክስ የመድን ፈንድ አለ። መኪናው በተገኘ ጊዜ ፈንዱም እንደ ድርጅቱ ወደ ባለቤቱ ይዞራል።

ሙሉ ሽፋን ካለኝስ? ተጨማሪ ከፍዬ ስጠጣም የሚሸፍነኝ የለም?

የለም። ተጨማሪ ቢከፍሉም የለም። በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ተጽዕኖ ሥር ሆኖ በተነዳ መኪና ላይ የደረሰ ጉዳት በየድርጅቱ ፖሊሲ «አይሸፈንም» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ አለ። አንድ ደንበኛዬ «ታዲያ ሙሉ ሽፋን ለምን ይባላል?» ብሎ ተቆጥቶኛል። ልክ ነው፤ ስሙ ያሳስታል። ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

የጠጣሁት ማታ ነበር። ጠዋት ነው የተያዝኩት። ይሄ ፍትሕ ነው?

ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ጥምቀትም ጥር 11 አለ። ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሰነበተ እንግዳ በ13 ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ሲነሳ ይህ ጥያቄ ይወለዳል።

ሰውነት አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ነው፤ በግምት በሰዓት በአንድ ሊትር ደም 0.15 ግራም። አገራችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው የወንጀል መነሻ ወሰን በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ 2 ግራም ይዞ የተኛ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ሲነሳ ገና 1.1 ግራም ገደማ አለው። ፊቱን ታጥቧል፣ ጥርሱን ፍቋል፣ ሦስት ስኒ ቡና ጠጥቷል፤ ደሙ ግን ያው ነው። ቡና እንቅልፍ ያባርራል እንጂ አልኮል አያባርርም። ጎመን በሥጋውም፣ ቃሪያውም፣ የእትዬ እገሌ የአብሽ ውኃም እንዲሁ።

ሌላው ችግር እኛ የምንጠጣው መጠጥ ልኩ አለመታወቁ ነው። ፋብሪካ የወጣ ቢራ ጠርሙሱ ላይ ቁጥር አለው። የቤት ጠላ ግን እንደ ጠማቂዋ፣ እንደ ጌሾው፣ እንደ ሰነበተበት ቀን ይለያያል። አረቄ ደግሞ ጭራሽ። «ሁለት ጣሳ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚለው መከላከያ ለፖሊሱም ለድርጅቱም ምንም አይነግረውም፤ የሚነግረው የመለኪያው ቁጥር ነው።

ስለ ፍትሕ ከጠየቁኝ፣ አዎ ፍትሕ ነው። ፖሊሲው «መቼ ጠጣህ?» አይልም፤ «በምን ሁኔታ ነዳህ?» ነው የሚለው።

ባጃጄን የሚነዳው ልጅ ነው የተፈረደበት። እኔ ምን አገባኝ?

ያገባዎታል። ባጃጇ በስምዎ ነው፤ መድኑም በስምዎ። ልጁ ከማራኪ ወደ አራዳ ሰው ጭኖ ሲወርድ ቢገጭ ተከሳሹ እሱ ነው፤ ካሳ የሚጠየቁት ግን እርስዎ ነዎት። የተፈረደበትን ሹፌር መልሰው መቅጠር የራስዎ ውሳኔ ነው፤ ከልጁ ጋር የሚበላ ቤተሰብ አለና አልፈርድም። ግን ሁለት ነገር ያድርጉ። መንጃ ፈቃዱ ታግዶ እንደሆነ ወይም ተመልሶለት እንደሆነ ካርዱን በዓይንዎ አይተው ኮፒ ይያዙ። ሙሉ ሽፋን ካለዎት ደግሞ ለድርጅቱ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የደረሳቸው መሆኑን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ኮፒ ይቀበሉ። በስልክ የተነገረ ነገር አደጋ ቀን አይገኝም።

መንጃ ፈቃዴ ታግዷል። ለጥቂት ቀን እስከ ጋራዥ ብቻ ብነዳስ?

አይንዱ። የመኪናው መድን ጊዜው አላለፈ ይሆናል፤ የታገደ ፈቃድ የያዘ ሰው ሲነዳ ግን ፈቃድ እንደሌለው ነው የሚቆጠረው፤ ለራስ መኪና ጉዳት ካሳ የለም። ለ200 ብር የጎታች ክፍያ ብሎ መኪናውን ያጣ ሰው አውቃለሁ።

መኪናውን በባለቤቴ ስም ባዞረውስ?

ይቻላል፤ ሽያጭም ስጦታም መብትዎ ነው። ነገር ግን ፎርሙ ላይ «መኪናውን በዋናነት የሚነዳው ማነው?» የሚል ጥያቄ ካለና እርስዎ እየነዱት እሷ ከተጻፈች፣ ከላይ ስለ መደበቅ የተናገርኩት ሁሉ ይመጣል። በዚህ ላይ ደግሞ አሁን የምትከሰሰው እሷ ናት። አንድ የአዘዞ ሰው ይህን አድርጎ ነበር፤ ሚስቱ መሪ ጨብጣ አታውቅም። የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄ «ማርሹ በየትኛው እጅ ነው?» የሚል ነበር። ዝም አለች። ሰውየውም ዝም አለ።

እሷ በእርግጥ የምትነዳው ከሆነና እርስዎ ቁልፉን ካስረከቡ ግን ምንም ችግር የለበትም። እንዲያውም ብልህነት ነው።

መኪናውን በባንክ ብድር ነው የገዛሁት። ድርጅቱ ሙሉ ሽፋኔን አላድስም አለኝ።

ይሄ የሚያስጨንቅ ነው። አበዳሪው ባንክ መኪናውን በመያዣነት ስለያዘ ሙሉ ሽፋን ያለማቋረጥ እንዲኖር በውሉ ያስገድዳል። ሽፋኑ ከተቋረጠ ባንኩ ራሱ መድን ገዝቶ ዋጋውን ዕዳዎ ላይ ሊደምርብዎ ወይም ውሉ ተጣሰ ብሎ ሊነሳብዎ ይችላል። ስለዚህ የእድሳቱ ቀን እስኪደርስ አይጠብቁ። ከወር በፊት ሌላ ድርጅት ይሂዱ፤ ጭማሪም ቢጠየቁ ከፍ ያለ የራስ ድርሻ እቀበላለሁ ይበሏቸው። እኔ እንዳየሁት «መጀመሪያውን 10 በመቶ ራሴ እችላለሁ» የሚል ደንበኛ በር አይዘጋበትም፤ ድርጅቱ የሚፈራው ጥፋቱን እንጂ ሰውየውን አይደለምና፣ ድርሻ ያለው ሰው ይጠነቀቃል ብሎ ያስባል። ብቻ ለባንኩ የብድር ሠራተኛ አስቀድመው ይንገሩት።

ልጄ ቨርጂኒያ ነው ያለው። እዚያ ጠጥቶ ተይዞ «ኤፍአር 44 አምጣ» ተብሏል። ምንድን ነው? እዚህ ሲመጣስ ይከተለዋል?

ጎንደር ውስጥ ይህ ጥያቄ ብርቅ አይደለም፤ ያልተሰደደ ዘመድ የሌለው ማን አለ?

አሜሪካ ውስጥም መድኑ በአብዛኛው የሚከተለው መኪናውን ነው። ከእኛ የሚለየው፣ እዚያ ፍርዱ ሰውየውን የሚከተል ወረቀት ማስከተሉ ነው። ኤስአር 22 የሚባለው ብዙ ግዛቶች የሚጠይቁት የምስክር ወረቀት ነው፤ መድን ራሱ ሳይሆን ድርጅቱ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ «ይህ ሰው በሕግ የተፈለገው መድን አለው» ብሎ የሚልከው ማረጋገጫ ነው። ቨርጂኒያና ፍሎሪዳ ጠጥቶ በመንዳት ለተፈረደበት ሰው ከፍ ያለ መጠን የሚጠይቀውን ኤፍአር 44 ይጠቀማሉ። አብዛኛውን ጊዜ ለ3 ዓመት ሳይቋረጥ መቆየት አለበት። አረቦን ሳይከፈል ቀርቶ መድኑ ከተቋረጠ ድርጅቱ ለመንግሥት ያሳውቃል፤ ፈቃዱም ይታገዳል። ስለዚህ ልጅዎ ከዚህ ለሰርግ ሲመጣ «ለሁለት ወር መድኔን ላቋርጥና ልቆጥብ» እንዳይል ይንገሩት፤ መኪና ባይኖረው እንኳ ለባለ መኪና ያልሆነ ነጂ የሚሸጥ ፖሊሲ አለ።

እንግሊዝ አገር ያለ ዘመድ ከሆነ ጠጥቶ የመንዳት ምልክቱ፣ ዲአር 10 የሚባለው፣ በመንጃ ፈቃድ መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። መድን ድርጅቶች ግን በተለምዶ የሚጠይቁት ያለፈውን 5 ዓመት ነው።

እዚህ ሲመጣ ኤፍአር 44 የሚባል ነገር ማንም አይጠይቀውም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ወረቀት የለም። ሆኖም ሙሉ ሽፋን ሲገባ ፎርሙ «ተቀጥተው ያውቃሉ?» ካለ «ኢትዮጵያ ውስጥ» አላለም። ይመልስ።

ካሳዬን ከለከሉኝ። ሰክሬ አልነበረም፤ ትንፋሼንም ማንም አልለካም። የት ልሂድ?

መጀመሪያ ውድቅ ያደረጉበትን ምክንያት ከነ ፖሊሲው አንቀጽ በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል «አይከፈልም» ተብለው ወጥተው አይሂዱ። «ይሸታል» የሚል የፖሊስ ማስታወሻና በመሣሪያ የተለካ ውጤት እኩል ክብደት የላቸውም፤ ማግለያ አንቀጽ ጠቅሶ አልከፍልም ያለ ድርጅት መስከሩን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው ብለው ይከራከሩ። ሆስፒታል ተወስደው ከነበረ የዚያን ቀን የሕክምና ማስረጃ ያውጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚረዳው እሱ ነው፤ አንዳንዴም የሚጎዳው።

ከቅርንጫፉ በላይ ዋና መሥሪያ ቤቱ አለ። ከዚያ በላይ የመድን ሥራን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ በጽሑፍ አቤቱታ ይቀበላል። ፖሊሲው ላይ የግልግል ዳኝነት ውል ካለ እሱን አንብበው፣ ከሌለ ፍርድ ቤት ነው። ቀን አያሳልፉ፤ በመድን ጉዳይ የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ አጭር ነው።

ምን ምን ይዤ ልምጣ?

ሊብሬ፣ የታደሰ መታወቂያ፣ የሚነዳውን ሰው መንጃ ፈቃድ፣ ካለ የቀድሞ ድርጅትዎ የካሳ ታሪክ ደብዳቤ። ፍርድ ካለ የውሳኔውን ግልባጭ ቢይዙ ጥሩ ነው፤ «ተፈርዶበታል» የሚለው ወሬ ከወረቀቱ ሁልጊዜ ይበልጣል። ቅጣቱ ተከፍሎ፣ እገዳው አልቆ ከሆነ የሚያሳየውንም ይጨምሩ።

መኪናውንም ራሱን ያምጡት፤ ሳይታይ አይፈረምም። መንጃ ፈቃድዎ ገና ካልተመለሰ ግን ሌላ ሰው ይንዳው።